ለቅሶ የደረስንበት ኮንሰርት

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛ የአምቦ ሰዎች ደስታ አናውቅበትም! ቆይ፣ አትቆጡ፣ ላስረዳችሁ... ሠርግ ስትጠሩን “ስንት ሰዓት ነው? ሩቅ ነው? እስቲ ካልዘነበ እሞክራለሁ” እንላለን። ልጃችሁ ሲመረቅ በስልክ “እንኳን ደስ ያላችሁ” ብለን እንገላገላለን። ለቅሶ ግን? ኧረ ለቅሶማ ሌላ ነው! ማንም ሳይጠራን፣ ቁርሳችንን ሳንውጥ እንደርሳለን። ጉደርም ይሁን ጊንጪ፣ ጎጆ ከተማም ቢሆን በዚያ አንጀት በሚበጥስ መንገድ እየተንገጫገጭን እንሄዳለን። ሟቹን አናውቀውም? ምን ችግር አለው! እዚያው ስንደርስ እንተዋወቃለን።

ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ካለፈው እሁድ ጀምሮ ከተማው በእኔ ላይ የሚያወራውን ስለሰማችሁ፣ ከሌላ ሰው አጣምማችሁ ከምትሰሙ ከራሴ አፍ ስሙት ብዬ ነው።

መቼም ባለፈው ዓመት ያንን የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ያላያችሁ የላችሁም። የእኛዋ ሲፈን አራቱ የመጨረሻ ተወዳዳሪዎች ውስጥ ስትገባ አምቦ ሥራ ፈትቶ ነበር እኮ! “አካም ጂርታ?” ተባብለን ሳንጨርስ “ለሲፈን ድምፅ ላክህ?” ነበር የሚከተለው። የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ፊርማ ከመፈረማቸው በፊት ስልክ ያሳዩኝ ይሉ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሦስተኛ ወጣች። አምቦ ይህን ውጤት እስከ ዛሬ አልተቀበለውም።

ሲፈንን እኛ ቤት እንደ ልጅ ነው የምናያት። ባለቤቴ አስካለ የክርስትና እናቷ ናት። እናቷ ገና በልጅነቷ ስላረፈች ያሳደጓት አባቷ ኦቦ ለሜሳ ናቸው፤ ያ ከገበያው በላይ ያለው ወፍጮ ቤት የሳቸው ነው። ልጅቷ የዱቄት ጆንያ ላይ ተኝታ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሒሳብ መዝገብ አያያዝ ስትማር ቆይታ፣ በሁለተኛው ዓመት ጥላ ለውድድሩ አዲስ አበባ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦቦ ለሜሳ ልጃቸውን አላናገሯትም።

“ሒሳብ ተማሪ ብዬ ላክኋት፣ አዝማሪ አድርገው መለሱልኝ!” ነው የሚሉት። እሷ በቴሌቪዥን በምትቀርብበት ሰዓት ቴሌቪዥኑን ጆንያ ያለብሱታል። ሰው “ልጅዎ እኮ አገር አስደመመች” ሲላቸው “የትኛዋ ልጄ?” ይላሉ። ያለቻቸው አንዲት ናት።

እንግዲህ ከወር በፊት አራቱ ልጆች ድምፅ የሰጧቸውን ከተሞች ለማመስገን እየዞሩ በነፃ ሊዘፍኑ ነው ተባለ። አምቦም ተራዋ እሁድ በዘጠኝ ሰዓት በከተማው አዳራሽ፣ አዲስ ዓለም ደግሞ ከእኛ ቀጥሎ ሆነ፤ የአምቦው አስተባባሪም እኔ ሆንኩ። ሲፈን ደወለችልኝ።

“ጋሼ፣ አባቴ ይመጣል?”

“የፊት ወንበር ላይ!” አልኳት። ምላሴን ምን እንዳስቸኮለው እንጃ።

ከዚያ ቀስ ብላ “ጋሼ፣ እውነት ንገረኝ። አገሩን ሁሉ ዞሬ ዘፍኜ እሱ ካልሰማኝ ምን ይሠራልኛል? አምቦ መጥቼ የሱን ወንበር ባዶ ካየሁ ድምፄ አይወጣም። እሱ ካልመጣ መድረክ ላይ አልወጣም” አለች።

“አንዴ ነገርኩሽ፣ ይመጣሉ!” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አስካለ ስታየኝ ነበር። “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በነጋታው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ገና ከበር ስደርስ ኦቦ ለሜሳ እየዘፈኑ ነው። አዎ፣ እየዘፈኑ! ሞተሩ ሲያጓራ እሳቸው በሞተሩ ውስጥ ተደብቀው ይዘፍናሉ። ሰው የሚሰማቸው አይመስላቸውም። ይህን ገብስ ይዞ የመጣ ሁሉ ያውቃል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያውቃል፣ ግን አንድም ሰው ነግሯቸው አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

“ኦቦ ለሜሳ!” ብዬ ጮህኩ። “እሁድ አዳራሹ ጋ ይምጡ!”

“ምን አለ?”

“ልጅዎ ትዘፍናለች!”

ሞተሩን አጠፉት። ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ አታውቁም። እጃቸውን ከዱቄቱ አራገፉና “ጸሐፊ” አሉኝ። “እኔ ስሞት ና። ስታመም ና። ገብስህን ልታስፈጭ ና። ዘፈን ይዘህብኝ ግን አትምጣ።”

“ጸሐፊ” የሚሉኝ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። ዞን መሥሪያ ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ሠርቼ በስሜ የሚጠራኝ ባላገኝም፣ በእድሩ ግን ትልቅ ሰው ነኝ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ጥሩምባው... ሁሉም በእጄ ነው። ይህን ቁልፍ አስታውሱልኝ፣ መዘዙ የመጣው ከእሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኮንሰርቱ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አዳራሹ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተፈልጓል ተባለ። በእሁድ! በእሁድ ምን የሚያስቸኩል ነገር አለ? ብዬ ብጠይቅ “አጀንዳው ስብሰባው ላይ ይገለጻል” አሉኝ። አዘጋጆቹ አዲስ አበባ ሆነው በስልክ “ጋሼ፣ የአካባቢው አስተባባሪ እርስዎ ነዎት፣ አንድ ነገር ያድርጉ” ይሉኛል። የሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀነጠሰች እንዲሉ፣ እኔም ኮንሰርቱ ነገ ሊሆን ዛሬ አዳራሽ ፍለጋ ገባሁ።

ከዚያ እጄ ኪሴ ውስጥ ገባ። ቁልፉን ነካሁት። ድንኳን አለኝ! ወንበር አለኝ! ከአዳራሹ ጀርባ ሜዳ አለ! የእድሩ ሊቀ መንበር ደግሞ ለዘመድ ጥየቃ ጎጆ ስለሄዱ ማንን አስፈቅዳለሁ? ራሴን አስፈቀድኩ። ራሴም ያለ ብዙ ክርክር ፈቀደልኝ።

የቀረው የቦታውን ለውጥ ለሕዝቡ ማሳወቅ ነው። ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት መኪና ያለው ሰውዬ ለሠርግ ጎጆ መንገድ ሄዶ ጭቃው አስሮ አስቀርቶታል። ወጣቱስ በስልኩ ይሰማል፤ ትልቁን ሰው ማን ይነግረዋል? እዚህ ላይ ነው ጋሽ ደበበ ትዝ ያሉኝ።

ጋሽ ደበበ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ገና ጎህ ሲቀድ ጥሩምባቸውን ነፍተው በአማርኛም በኦሮምኛም ሲለፍፉ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው አልጋው ላይ ይቀመጣል። ቤታቸው ሄጄ ማስታወቂያውን የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋቸው።

“ማን አረፈ?” አሉኝ ገና ሲያዩኝ።

“ማንም። ዘፈን ነው።”

ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። “ዘፈን በጥሩምባ?”

“ሌላ መንገድ ጠፋ፣ ጋሽ ደበበ። ብቻ አደራዎን፣ በደስታ ድምፅ ይሁን!”

“የደስታ ድምፅ የለኝም፣ ልጄ። እግዜር የሰጠኝ አንድ ድምፅ ነው፤ እሱንም ለሞት አውለነዋል።”

“ግድ የለም፣ እኛ ቤት እንለማመዳለን” ብዬ ይዣቸው መጣሁ። ግቢዬ ውስጥ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “የሰማህ ላልሰማ አሰማ...!” ከማለታቸው ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ተሰበረ። አስካለ ራሷን ይዛ ወጣች። “ውይ! ውይ! ማን ነው? ማን ነው?”

እናንተ ብትሆኑ እዚህ ላይ ታቆሙ ነበር። እኔ ግን “አየሽ፣ ድምፃቸው እንዴት ይሰማል!” ብዬ ተደሰትኩ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ። “የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት! ከአዳራሹ ጀርባ ድንኳን ተጥሏል! ልጆቻችን ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው! የኮንሰርት ዝግጅት ስላለ ሁላችሁም እንድትገኙ!” ልብ በሉልኝ፣ ጋሽ ደበበ አልዋሹም። “ኮንሰርት” የሚለውንም እንደተጻፈው ብለውታል። ግን ጥሩምባ የሰማ ሰው ሰዓቱንና ቦታውን ከያዘ በኋላ ምን ያዳምጣል? ነጠላውን ፍለጋ ይገባል እንጂ!

በስምንት ተኩል ድንኳኑ በር ላይ ቆምኩ። ያንን ድንኳን ታውቁታላችሁ፤ ግራ ጎኑ በሰማያዊ ሸራ የተጣፈው። አምቦ ውስጥ በዚያ ድንኳን ሥር ያላለቀሰ ቤተሰብ የለም። ሦስቱ ዘፋኞች አድናቂዎቻቸውን ሊቀበሉ በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ሲፈን ግን ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ “አባቴ ሲመጣ ጥሩኝ” ብላለች። ታዲያ የሦስቱን ልጆች አለባበስ ብታዩ! ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር መነጽር። ለካ የዝግጅቱ የደንብ ልብስ ነው።

መጀመሪያ የደረሱት እማማ በላይነሽ ነበሩ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። የመጀመሪያውን ዘፋኝ ሁለት እጁን ያዙና አንገታቸውን ደፍተው “እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ” አሉት።

“አሜን እማማ!” አለ ልጁ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

“አይዞህ፣ ፈገግ በል። እንዲህ ነው እንጂ ወንድ ልጅ!” ብለው ደረቱን መታ መታ አድርገውት ገቡ። ልጁ ወደ ጓደኛው ዞሮ “የአምቦ ሰው ሰላምታ እንዴት ደስ ይላል!” ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ከዚያማ ጎረፈ። ጋቢ የለበሰው፣ ነጠላ የዘቀዘቀው፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረችው... “ያጽናችሁ፣ ያጽናችሁ” እያሉ ገብተው የፊት አግዳሚዎቹን ሞሉ። አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። አንዲት ጎረቤታችን በትልቅ ሳፋ ንፍሮ ይዛ መጣች፤ ዘፋኞቹ ከእጇ ተቀብለው እየተሻሙ ይቆረጥማሉ። ወጣቶቹ ፊሽካና ስልክ ይዘው እየጨፈሩ ደረሱና ትልልቆቹን ሲያዩ ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከተው ከኋላ ቆሙ።

“አንተ ሰውዬ” አለች አስካለ ክንዴን ቆንጥጣ። “ይሄ ሁሉ ሰው ነጠላውን የዘቀዘቀው ለምንድን ነው?”

ያኔ ነው የበራልኝ። የእድር ጥሩምባ፣ የእድር ድንኳን፣ የእድር ወንበር፣ በሩ ላይ ጥቁር የለበሱ ሦስት ልጆች...

“ታዲያ አንድም ሰው ማን እንደሞተ እንዴት አይጠይቅም?” አልኳት።

“ለቅሶ ቤት ገብቶ ‘ማን ነው የሞተው?’ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ?”

እውነቷን ነው! ከዚያ የበለጠ ነውር ምን አለ? ሁሉም ጎረቤቱ የሚያውቅ እየመሰለው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ።

“ድንገት ነው አይደል?” ይላል አንዱ።

“ኧረ ቆየት ብሏል። ስኳር ነበረባቸው አሉ” ይላል ሌላው።

“እኔም ስኳሩን ሰምቻለሁ” ይላል ሦስተኛው።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሟቹ ስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ደግ፣ ለሰው የሚያዝኑ ሽማግሌ ሆኑ። ትንሽ ብቆይ ጡረታቸውንም ያወጡላቸው ነበር! መናገር አለብኝ ብዬ ወደ መድረኩ ወጣሁ። ማይኩን አንስቼ “ክቡራትና ክቡራን...” ልል አፌን ስከፍት ኦቦ ለሜሳ በድንኳኑ በር ገቡ።

ጥቁር ካፖርት፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ከዘራ። መቼስ ኦቦ ለሜሳና ለቅሶ ታሪክ አላቸው። ሚስታቸው ያረፈች ጊዜ አገር ምድሩ ወጥቶ ስላስተዛዘናቸው፣ ያንን ብድር እስኪሞቱ ሊመልሱ የማሉ ሰው ናቸው። ዝናብ አያስቀራቸውም፣ ሕመም አያስቀራቸውም። ሃያ ዓመት ጸሐፊ ስሆን በስማቸው ፊት “ቀሪ” ብዬ ጽፌ አላውቅም። ታዲያ አሁን ምን ላድርግ? “ማንም አልሞተም” ካልኩ ዞረው ይሄዳሉ፤ ልጅቷ መጋረጃ ጀርባ ትቀራለች። ዝም ካልኩ ደግሞ ከተማ ሙሉ ሰው አታልዬ መቀመጤ ነው። ማይኩን ቦታው መለስኩና ወረድኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እጃቸውን ይዤ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

“ጸሐፊ፣ ስኳር ነው አሉ?” አሉኝ በሹክሹክታ።

“ኦቦ ለሜሳ፣ አረፍ ይበሉ። ሁሉም ይነገራል።”

ሮጬ ለሲፈን ነገርኳት። በመጋረጃው ቀዳዳ አየቻቸውና አፏን በእጇ ያዘች። “መጣልኝ! ጋሼ፣ እውነትህን ነው፣ መጣልኝ!” እያለች ታለቅስ ጀመር። ለምን እንደመጡ ልነግራት አቅም አላገኘሁም።

ከዚያ መድረክ መሪው፣ አንድ ጸጉሩን ቢጫ ያስቀባ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት፣ እየዘለለ ወጣ። “አምቦዎች! እንዴት ናችሁ! ደስ ብሏችኋል?”

እማማ በላይነሽ አገጫቸውን ከእጃቸው አንስተው አዩት።

“አልሰማሁም! ደስ ብሏችኋል?”

“ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶ ነው” አሉ እማማ በላይነሽ። “ውሃ ስጡት።”

የመጀመሪያው ዘፋኝ ወጥቶ ትከሻ የሚያስመታውን ዘፈን ለቀቀው። ሙዚቃው ያናውጣል፤ የፊት ወንበሮቹ ግን አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው። “ሟች ዘፈን ይወዱ ነበር ማለት ነው” አሉ አንድ አዛውንት። “ኑዛዜ ይሆናላ” አሉ ከጎናቸው ያሉት። ልጁ ጨርሶ እጅ ሲነሣ አንድ ሰው አላጨበጨበም፤ ለቅሶ ላይ ማን ያጨበጭባል? እንባውን እየጠረገ ወረደ። እማማ በላይነሽም “አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ” አሉት።

ሁለተኛው እምቢ አለ። ሦስተኛዋ ሆዷን አመማት። እንዲህ ሆኖ ሲፈን ወጣች።

ኦቦ ለሜሳ ቀና አሉ። አዩዋት። ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉና ሊነሱ ብድግ አሉ... ግን ለቅሶ ላይ እንዴት ይነሳል? ያውም ከፊት ወንበር፣ ያውም ሳይበተን! ግራ ቀኝ አዩና መልሰው ተቀመጡ። ሲፈን ለባንዱ “ቆዩ” የሚል ምልክት ሰጠችና ማይኩን ተጠጋች።

“ይሄን ዘፈን የተማርኩት ወፍጮ ቤት ነው” አለች። “አስተማሪዬ ሰው የሚሰማው አይመስለውም ነበር።”

ያለ ሙዚቃ ጀመረችው። ያ ኦቦ ለሜሳ ሞተር ውስጥ ተደብቀው የሚዘፍኑት፣ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ የሆነው፣ ለሚስታቸው ራሳቸው የገጠሙላት ዘፈን ነበር። እኔ እንኳ ቃሉን በደንብ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ከሞተሩ ሲለይ እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ኦቦ ለሜሳ መጀመሪያ ጆሯቸው ቀላ። ቀጥሎ ከዘራቸው ወደቀ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉና ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ተንሰቀሰቁ።

ይሄኔ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ጥያቄ ሁሉ መልስ አገኘ። “ውይ! ሐዘንተኛው ኦቦ ለሜሳ ናቸው ለካ!” ተባለና አገር ምድሩ ተነስቶ ላያቸው ላይ ወደቀ። “አይዞዎት!” “የእግዜር ሥራ ነው!” “ሁላችንም ያው ነን!” ሴቶቹ ደረታቸውን መድቃት ጀመሩ። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ትልልቆቹ ሲያለቅሱ አይተው አለቀሱ። መድረክ መሪው አለቀሰ። ጋሽ ደበበ ጥሩምባቸውን ይዘው አለቀሱ፤ እሳቸው እንኳ፣ ማንም እንዳልሞተ የሚያውቁት! ሲፈን ዘፈኑን ሳትጨርስ ከመድረክ ዘላ አባቷ ላይ ተጠመጠመች።

“አባ!”

“ኢንታላ ኮ... ልጄ... ልጄን!” አሉ ኦቦ ለሜሳ። ስንት ጊዜ ሳያናግሯት የቆዩ ሰው!

እማማ በላይነሽ የልጅቷን ጀርባ እየደባበሱ “አይዞሽ፣ ለማንም አይቀርም” ሲሏት ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ማይኩን ነጠቅሁና “ጎበዝ!” ብዬ ጮህኩ። “ማንም አልሞተም! እሰይ አልሞተም! ኮንሰርት ነው!”

ደረት ይደቁ የነበሩት እጆች አየር ላይ ቀሩ።

“ስኳር የነበረባቸውስ?” አሉ እማማ በላይነሽ።

“እሳቸውም አልሞቱም! የሉም!”

“ተመስገን ጌታዬ! ተርፈዋል!” አሉና እልልታውን አቀለጡት። እሳቸውን ተከትሎ ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ነጠላ ተገለበጠ፣ ፊሽካ ከኪስ ወጣ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ነው።

ኦቦ ለሜሳ ግን በጣታቸው ጠሩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

“ጸሐፊ፣ በሕይወት ያለ ሰው ታስለቅሳለህ?”

“ኦቦ ለሜሳ፣ ይቅርታዎን... ከፈለጉ አሁን መሄድ ይችላሉ።”

“እንዴት እሄዳለሁ? ለቅሶ የደረሰ ሰው ሳይበተን አይነሳም። ደንቡን በእጅህ የጻፍከው አንተ አይደለህ?” ብለው ከዘራቸውን አነሱና ተደላድለው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ምን የሚሏት ይመስላችኋል? “ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዝቅ አድርገሽዋል። ዝቅ አይልም፣ ከፍ ነው የሚለው። ውጪና አስተካክይው!” ያ ሁሉ የቴሌቪዥን ዳኛ ያላየውን ስህተት!

ወጣች። አስተካከለችው። እንደዚያ ሲጨበጨብ አምቦ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ቅድም እያለቀሰ የወረደው ልጅም ተመልሶ ዘፈነ፤ እማማ በላይነሽ በዚህ ዕድሜያቸው ትከሻቸውን አሳዩት።

እድሩ በማግሥቱ ሰበሰበኝ። ጋሽ ደበበ “እኔ የተጻፈልኝን ነው ያነበብኩት” አሉ፤ እኔ “በድምፃቸው ነው” አልኩ፤ የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ብዬ ላመልጥ ሞክሬ ነበር፣ አልተሳካም። ቁልፉን ተቀበሉኝ። ደንቡ ላይም አዲስ አንቀጽ ተጨመረ፤ ጥሩምባ ነፊ ከለቅሶ ሌላ ጉዳይ ሲለፍፍ አስቀድሞ “ማንም አልሞተም!” ማለት አለበት። አንቀጹን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጽሕፈቱን የሚወስድ ሰው ስላልተገኘ ትተውልኛል።

ትናንትና ምሳ ሰዓት ላይ ከመሥሪያ ቤት ስወጣ ኦቦ ለሜሳን ወደ መናኸሪያው ሲጣደፉ አገኘኋቸው። ወፍጮ ቤቱን ዘግተውታል። ጥቁሩን ካፖርት ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል።

“ምነው ኦቦ ለሜሳ፣ በደህና?”

“አዲስ ዓለም ለቅሶ አለብኝ።”

ደነገጥኩ። “ውይ! ማን ሞተ?”

ግራና ቀኝ አዩ። ሰው እንደሌለ አረጋገጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“ማን እንደሆነ አላወቅንም። ብቻ በዘጠኝ ሰዓት ነው... ከመጣህ ቶሎ በል፣ የፊት ወንበሩ ይያዝብናል!”